አንዲት ነጥብ ጠፍታ፦ የዓለም ገናው የቡና ስቲከር ጉዳይ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥተው ዓለም ገና ሲደርሱ የቡታጅራው መንገድ ወደ ግራ ይገነጠላል፤ የጅማው ወደ ሰበታ ይቀጥላል። ከመገንጠያው ብዙም ሳይርቅ፣ የከባድ መኪና አቧራ ሲጠጣ የሚውል አንድ የቆርቆሮ አጥር ግቢ አለ። ውስጡ ቡና ይለቀማል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይታሸጋል። ሠራተኞቹ አሥር አይሞሉም። የጅማና የሊሙ ቡና በዚሁ መንገድ ስለሚመጣ ቦታው ለሥራው ይመቻል። መብራት በሄደ ቁጥር ግን ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። (የመብራቱን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።)

እዚህ ግቢ ውስጥ የአገር ስም በባዕድ ቋንቋ እንዴት ይጻፍ በሚል ጣጣ ሦስት ሺህ ስቲከር ተጣለ። አባትና ልጅ ለአንድ ሳምንት ተኮራረፉ። እኔም የደከምኩበትን ገንዘብ ሳልበላ ቀረሁ። ጥፋቱ በከፊል የኔ ስለሆነ ከነዝርዝሩ ልጻፈው።

ሰዎቹ

እኔ የዲዛይን ሰው ነኝ። ስቲከር፣ ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ።

የግቢው ባለቤት በሰባዎቹ ውስጥ ያሉ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ምድር ባቡር ነው። የዚያን መሥሪያ ቤት የድሮ ሰው የሚያውቅ ወዲያው ይገባዋል፦ ሰዓት ያከብራሉ፣ ንግግራቸው ውስጥ ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋሉ፣ ወረቀት አይጥሉም። የመጀመሪያ መታወቂያቸው ዛሬም ላስቲክ ውስጥ ተቀምጧል።

ሒሳቡንም የኤክስፖርት ወረቀቱንም የምትሠራው ልጃቸው ናት። አብረን ነው የተማርነው። ሥራውን የሰጠችኝም እሷ ናት።

ገዢው ኢስታንቡል ነው ያለው። ከየአገሩ ቡና እያስመጣ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጥ ቱርካዊ ነው። በአካል አላየሁትም። በዋትሳፕ የሚልከውን የድምፅ መልእክት ግን ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንግሊዝኛውን ረጋ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነ የሚናገር ሰው ነው። የጉምሩክ ጉዳዩን የሚጨርሰው ትራንዚተርም አለ፤ ጭቅጭቁ ውስጥ የገባው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ለጊዜው ይቆይ።

ትእዛዙ

ሥራው ሲታይ ቀላል ነበር። ሩብ ኪሎ የሚይዝ ብርማ ከረጢት፣ ፊቱ ላይ አንድ ስቲከር፣ ጀርባው ላይ ሌላ። ራሱ የታተመ ከረጢት ለማሠራት ብዙ ሺህ ማዘዝ ስለሚያስፈልግ አቅማቸው አነስ ያለ ላኪዎች በስቲከር ነው የሚገላገሉት። ቋንቋው ቱርክኛና እንግሊዝኛ ነው፤ ጥግ ላይ ትንሽ አማርኛ ለጌጥ።

ገዢው ጽሑፉን ሲልክ አንድ ማሳሰቢያ አከለበት። በእንግሊዝኛው በኩል የአስመጪው አድራሻ ላይ «ተርኪ» ተብሎ እንዳይጻፍ፣ «ቱርኪዬ» ይባል። ዩ የምትባለው ፊደል አናት ላይም ሁለቱ ነጥቦች እንዳይረሱ።

ልጅቷ ይህን ጮክ ብላ ስታነብ ጋሼ አጠገቧ ነበሩ። «ደግ ነገር ነው» አሉ። «ሰው በስሙ ነው የሚጠራው።» ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው የቱርክኛውን ጽሑፍ ያዩ ጀመር። ጣታቸው አንድ ቃል ላይ ቆመ። ኢ፣ ቲ፣ አይ፣ ዋይ፣ ኦ፣ ፒ፣ ዋይ፣ ኤ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ኢትዮጵያ ነዋ አባዬ፣ በቱርክኛ።»

«ኤቿስ?»

ነገሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። «ኤቲዮፕያ» የምትለዋ የቱርክኛ ቃል ስምንት ፊደል አላት። እንግሊዝኛውም ስምንት ነው። ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩ። ፊደል ካላነሰ፣ አሉ፣ ኤቿን አውጥቶ ዋይ መሰግሰግ ምን ይሉታል? የራሳቸውን ነጥብ አትርሱብን ብለው ያስጠነቅቃሉ፤ የኛን ፊደል ግን ይነቅላሉ። ተነሥተው ገቡና መታወቂያውን ከነላስቲኩ ይዘው ወጡ። «ፍራንኮ ኤቲዮፒየን» ይላል በፈረንሳይኛ። ኤቿ ቦታዋ ላይ አለች። «ፈረንሳይ እንኳ አፉ ባይችላት ከጽሑፉ አልጣላትም!»

ልጅቷ ጣሊያንም ኤቿን እንደጣለ ነገረቻቸው። «ጣሊያንማ ምን ያልጣለው አለ» አሉ።

ቱርኮቹ የጠየቁት ምን ነበር?

እዚህ ላይ ገባ ብለን እንይ፤ ምክንያቱም ጋሼ ያነሡት ጥያቄ ተራ የሽማግሌ ቁጣ አይደለም።

ቱርኮች ሪፐብሊካቸውን እ.ኤ.አ. በ1923 ካቆሙ ጀምሮ በቋንቋቸው አገራቸው ቱርኪዬ ናት። ለውጡ የመጣው በውጭው ስም ላይ ነው። በዲሴምበር 2021 ፕሬዚዳንት ኤርዶዋን መመሪያ አወጡ፤ ወደ ውጭ በሚላኩ ዕቃዎች ላይ ሳይቀር ቱርኪዬ እንዲባል። በጁን 2022 የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሜቭሉት ቻቩሾግሉ የጻፉት ደብዳቤ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ለአንቶኒዮ ጉተሬዝ ደረሰ፤ ድርጅቱም ወዲያው ተቀበለ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጃንዋሪ 2023 ተከተለ። ጀርመኖች ግን ዛሬም በጋዜጣቸው በለመዱት ስም ነው የሚጠሯት። መንግሥታትና ድርጅቶች በደብዳቤ ይስማማሉ፤ የሕዝብ አፍ በደብዳቤ አይታዘዝም።

ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ዶሮዋ ናት። በእንግሊዝኛ የአገሪቱ ስምና ፈረንጅ ለበዓል የሚያርዳት ትልቅ ወፍ ስም አንድ ነው። በዚያ ላይ የከሸፈ ሥራንና ቂል ሰውንም በዚሁ ቃል ይጠሩበታል። ቱርኮች ራሳቸው ወፏን «ሂንዲ» ይሏታል፤ ከሕንድ የመጣች ማለታቸው ነው። ወፏ እውነተኛ አገሯ አሜሪካ ነው፤ ሁሉም ወደ ሌላ ሰው ይገፋታል።

ይህን ግቢው ውስጥ ሳወራ ቡና ከሚለቅሙት ሴቶች አንዷ በሳቅ ፈነዳች። ቤሩት ዓመታት ሠርታ የመጣች ናት። ገና በገባች ሰሞን ማዳሟ «ሐበሽ ከፍሪጅ አውጪ» ትላታለች። ለቃሚዋ ደርቃ ቀረች። ሐበሻ ፍሪጅ ውስጥ ምን ይሠራል? በኋላ ሲገባት፣ ሊባኖሶች ያቺኑ የቱርክ ዶሮ የሚጠሯት «ሐበሽ» እያሉ ነው። እንግሊዝ በቱርክ የሰየማትን ወፍ ሊባኖስ በኛ ሰይሟታል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቱርኮቹ አዘኑ።

ቱርክ የመጀመሪያዋም አይደለችም። ኮትዲቯር እ.ኤ.አ. በ1985 ስሜ በየቋንቋው አይተርጎም፣ በፈረንሳይኛው እንዳለ ይጻፍ ብላ ወሰነች። እኛ አገር ግን ኳስ የሚያይ ሰው ሁሉ እስካሁን አይቮሪኮስት ነው የሚለው። ኬፕ ቬርዴ በ2013 በሁሉም ቋንቋ ካቦ ቬርዴ በሉኝ አለች። የስዋዚላንዱ ንጉሥ በ2018፣ ነፃነታቸውን ባገኙ በ50ኛው ዓመት፣ አገራቸውን ኤስዋቲኒ አሏት። ሁሉም የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ስሜን ከኔ አፍ ውሰዱ።

ታዲያ እኛስ? ጋሼ የጠየቁት ይህንኑ ነው። እነሱ ጠይቀው ካገኙ እኛ ለምን ዝም አልን?

የገዢው መልስ

ልጅቷ አባቷን ለማስደሰት ያህል ለገዢው ጻፈችለት፤ በቱርክኛውም በኩል እንግሊዝኛውን «ኢቲዮፒያ» እንዳለ ብናደርገው ይከፋሃል? ሰውየው በማግስቱ ሦስት ደቂቃ የሚረዝም ድምፅ ላከ። ትሕትናው አይነገርም። ሐሳቡ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ቱርክኛ እንደሚነበበው ነው የሚጻፈው አለ። የላቲኑን ፊደል የወሰዱት በ1928፣ በአታቱርክ ዘመን ነው፤ 29 ፊደል አለው፤ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ድምፅ። ቲ እና ኤች ተከታትለው ቢመጡ ደንበኛው ሁለቱንም ለየብቻ ያነባቸዋል፤ «ኤትሂዮፒያ» ይሆናል። መዝገበ ቃላታቸውም የሚጽፈው ኤቲዮፕያ ብሎ ነው። አያቱ እንዲያውም ሐበሺስታን ነበር የሚሉት። ከዚያ በጨዋ ደንብ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ልጅቷ የግቢውን በር ፎቶ ልካለት ነበር፤ በሩ ላይ ያለው ታፔላ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። «በላይኛው ጽሑፍ አገራችሁን ኢቶፊያ ነው የምትሏት?»

ጋሼ ሳቁ። የኦሮምኛው ቁቤ ፒ እና ኤችን አጣምሮ ሲጽፍ ድምፁ ፍ አይደለም፤ ጵ ነው። የኛን ጵ ከነጥንካሬዋ በላቲን የያዘ ጽሑፍ ቢኖር ይኼው ነው፤ እንግሊዝኛውም ፈረንሳይኛውም አይችሏትም። እንግዳ ሰው ግን ፍ ብሎ ያነባታል። ሰውየው ሳያውቅ የራሱን ነጥብ አስረዳን፦ ፊደል ያው ሆኖ ቋንቋው ከተለየ ድምፁ ሌላ ነው።

እኔ የሰውየው ወገን ነኝ፤ ይህን ገና ከመጀመሪያው ለልጅቷ ነግሬያታለሁ። የተባበሩት መንግሥታት በስድስት ቋንቋ ነው የሚሠራው፤ ዓረብኛ፣ ቻይንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሩሲያኛ፣ ስፓኒሽ። ቱርኮች ደብዳቤ ጽፈው ስማቸውን ያስተካከሉት እዚያ፣ የሁሉም በሆነው መድረክ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ዛሬ የእንግሊዝ ብቻ አይደለም፤ የሁላችን የወረቀት ቋንቋ ነው። ቱርክኛ ግን የቱርኮች ቤት ነው። ቤታቸው ውስጥ እንግዳን በምን ስም እንደሚጠሩት የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የጂኦግራፊ ስም ባለሙያዎችም እነዚህን ሁለቱን ይለያሉ፤ የቦታው ሰዎች የሚጠሩበት ስም አለ፣ ሌላው ሰው በቋንቋው የሚጠራበት ስም አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጄኔቫ ላይ የመጀመሪያው ጉባኤያቸው ከተደረገ ወዲህ ሁለተኛው ዓይነት ስም እንዲቀንስ ይመክራሉ። ምክር ነው እንጂ ፖሊስ የለውም።

ልጅቷ ነገሩን በቀላሉ አስቀመጠችው። «አባዬ፣ እኛ ጀርመን የምንላቸው ራሳቸውን ዶይችላንድ ነው የሚሉት። ግሪክ የምንላቸው ኤላዳ፣ ግብፅ የምንላቸው ምስር። ማናቸው ከሰሱን?»

«እኛ ደብዳቤ አልደረሰንም» አሉ ጋሼ።

የስሙ ጉዞ

ስማችን በየአፉ የተቀያየረበት ምክንያት የሚገርም ነው፤ ትንሽ ልዘግይበት። ሥሩ የግሪኩ ቃል ነው ይባላል፤ ፀሐይ ፊቱን ያጠቆረው እንደማለት። ጋሼ ይህን አይቀበሉም፤ ኢትዮጲስ ከሚባለው ጥንታዊ አባት ነው የመጣው ይላሉ፤ እሱን እዚህ አልከራከራቸውም። የጽሑፉ መንገድ ግን ይታያል። ግሪኩ ውስጥ ቴታ የምትባል ፊደል አለች። ላቲን ቴታን በቲ እና በኤች ጻፋት፤ የእንግሊዝኛውና የፈረንሳይኛው ኤች ከዚያ የተረፈች ናት። ጣሊያን ጥሏታል። ሩሲያኛ ቴታን ወደ ኤፍ ስለሚወስዳት እዚያ የተማሩ ሰዎች «ኤፊዮፒያ» ሲባል መስማት ለምደዋል። ዓረብኛ የቴታን ድምፅ አለው፣ ፒን ግን አያውቃትም፤ ስለዚህ በ ሆነች። ሶማሊኛም እንዲሁ ኢቶቢያ ይላል።

እኛስ? ግዕዝ ከግሪክ ሲወስድ ሥርዓት ነበረው። ቴታን በተ፣ ታውን በጠ። ጢሞቴዎስ የሚለውን ስም ልብ በሉት፤ የመጀመሪያዋ ጢ ታው ናት፣ ሁለተኛዋ ቴ ቴታ ናት። ፒን ደግሞ በጰ፤ ጳውሎስ፣ ጴጥሮስ፣ ፊልጶስ። ጰ እና ፐ ራሳቸው ለባዕድ ቃላት ሲባል ፊደል ገበታው ላይ የተጨመሩ ናቸው። ኢትዮጵያ ላይ ያለችው ት ቴታ፣ ጵ ፒ መሆናቸው ነው። ማለትም እኛም ስሙን በጆሯችን ሰምተን በፊደላችን አድርገን ነው የጻፍነው፤ ቱርኩ እንዳደረገው።

ይህን ለጋሼ ቡና እየጠጣን ነገርኳቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው አሰቡ። «እኛ ስንወስድ በወጉ ነው የወሰድነው» አሉ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተወው። በ1894 እ.ኤ.አ. በምኒልክ ዘመን የወጡት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ላይ ስማችን የተጻፈው በፊደላችን ብቻ ነበር፤ ኢትዮጵያ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ በ1901 በላያቸው ላይ በፈረንሳይኛ «ኤቲዮፒ» የሚል ማኅተም ተደረገባቸው። ደብዳቤ ድንበር ሲሻገር የሚያነበው ሰው ያስፈልገዋል። የጋሼ መታወቂያም በዚያው መንገድ የመጣ ነው።

ስቲከሩ

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የስቲከሩን ፋይል የጨረስኩት ማክሰኞ ማታ ነው። መብራት ከሄደ ሦስት ሰዓት ሆኖታል፤ የላፕቶፑ ባትሪ ሊያልቅ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳኛል፤ ፋይል ወደ ማተሚያ ቤት ሲላክ ጽሑፉን ከርቭ ማድረግ ያስፈልጋል። ከርቭ ከሆነ ፊደሉ ሥዕል ይሆናል፤ ማንም ማሽን ላይ ቢከፈት አይለወጥም። ካልሆነ ግን እዚያ ያለው ኮምፒውተር ያን ፎንት ከሌለው በሌላ ይተካዋል። እኔ ከርቭ ሳላደርግ በቴሌግራም ላክሁት። ነገ አደርገዋለሁ፣ መጀመሪያ ይዩት ብዬ ነው። እነሱ ግን ሲያዩት አልዋሉም፤ አተሙት።

መሀል ከተማ ያለ ማተሚያ ቤት ነው፤ ስሙን አልጠራም፤ ልጁም ክፉ ልጅ አይደለም። ፋይሉን ሲከፍት ፎንቱ የለም። ቱርክኛው ውስጥ ክብደት የሚለው ቃል ላይ ያለችው አናቷ ላይ ጨረቃ የተገለበጠባት ጂ ባዶ ሳጥን ሆናለች። አማርኛውም ተበላሽቷል። እና ምን አደረገ፣ እያየ እንደገና ጻፈው። በደግነቱ። ፕሩፍ፣ ማለትም ከመታተሙ በፊት የሚታይ ናሙና፣ አልላከም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሦስት ሺህ ስቲከር በባጃጅ ተጭኖ ግቢው ደረሰ። ጋሼ አንዱን ልጠው መነጽራቸውን አደረጉ። ቱርክኛውን አላዩም። እንግሊዝኛውንም አላዩም። ጥጓ ላይ ያለችውን አማርኛ አነበቡ።

«ኢትዮፕያ።»

በፕ። በጵ አይደለም። ልጁ ሲጽፍ ኪቦርዱ ላይ የቀለለችውን ነው የነካው። ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «በገዛ አገሯ!» አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ልጅቷ ሥራው እንዳይዘገይባት ቸኮለች። «አባዬ፣ እንዲህ የምትሆነው ለምንድነው? ቱርክ አማርኛ አያነብ፣ ማን ያየዋል?» አለች። ኩርፊያው የመጣው ከዚህች አረፍተ ነገር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጋሼ ለእሷ የሚሉትን በእኔ በኩል ነበር የሚያስተላልፉት። «ለሒሳብ ሠራተኛዋ ንገራት» ይሉኛል፣ እሷ ሁለት ሜትር ላይ ተቀምጣ።

የጠፋችው ነጥብ

ልጅቷ የስቲከሩን ፎቶ ለገዢው ልካ ነበር፤ ይቀበለው ይሆናል በሚል ተስፋ። ሰውየው በቀይ አክብቦ መለሰው። ክቡ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ባዶው ሳጥን። ሁለተኛው፣ እንደተጠበቀው፣ ቱርኪዬ ላይ ዩዋ ነጥቦቿን አጥታለች። ሦስተኛውን ግን ማንም አልጠበቀም። «ኤቲዮፕያ» ላይ ነው ያከበበው። እኛ የራሱን ስም ብቻ የሚጠብቅ መስሎን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱርክኛ ሁለት ዓይነት አይ አለው። አንዷ ነጥብ አላት፤ ኢ ናት። ሌላዋ ነጥብ የላትም፤ ድምፇ የኛን እ ትመስላለች። ዲያርባክር የሚለውን የከተማ ስም ያነሡ እንደሆነ «ክር» የምትለዋ ውስጥ ያለችው እሷ ናት። ነጥቡ በትልቁም ፊደል ላይ ይጻፋል። እኛ አርዕስቱን በትልልቅ ፊደል ስንሠራው ኮምፒውተሩ እንደ እንግሊዝኛ ቆጥሮት ትልቋን አይ ያለ ነጥብ አደረጋት። ይህ እንኳ የማተሚያ ቤቱ ልጅ ጥፋት አይደለም፤ የኔ ነው። ኦሪጅናሉ ፋይል ላይም እንደዚያው ነበር።

ሰውየው በድምፅ መልእክቱ ልዩነቱን አነበበልን። «እኛ የምንለው ኤቲዮፕያ ነው» አለ። «እናንተ የጻፋችሁት ግን ኤትዮፕያ ተብሎ ነው የሚነበበው።» ልጅቷ ድምፁን ከፍ አድርጋ ነበር ያጫወተችው፤ ጋሼ መቁያው ጋ ቆመው ይሰማሉ። ዞር አሉ።

«ድገሚው እስቲ» አሏት። በቀጥታ ለእሷ። ሳምንት ሙሉ ያልሰማነው ነገር ነው።

ደገመችው። ኤትዮፕያ።

«ታዲያ ይሄኛው ነዋ ልክ!» አሉ ጋሼ። «ነጥቧ ስትወድቅ ወደኛ መጣች!»

እውነታቸውን ነው። እኛ ራሳችን ት እንጂ ቲ አንልም። ቱርክኛው ስህተት ሲሆን ለአማርኛው ቀረበ። ሽማግሌው ስቲከሩ እንዳለ ይሂድ ብለው ሁለት ቀን ሙሉ ተከራከሩ፤ ግማሹ ቀልድ ነበር፣ ግማሹ ግን አልነበረም። ከልጃቸው ጋር ግን ታረቁ። እሷም «ማን ያየዋል» ማለቷን ይቅርታ ጠየቀች፤ ጋሼም ይቅርታውን ያልሰሙ መስለው ቡና አስቀዱላት።

ሁለተኛው እትም

ስቲከሩ ሙሉ በሙሉ እንደገና ተሠራ። ወጪውን ማተሚያ ቤቱና እኔ ለሁለት ተካፈልነው፤ የኔ ድርሻ የዲዛይን ሒሳቤን ጠቅልሎ ወሰደው። በዚህ ጊዜ ከርቭ አደረግሁት። ፕሩፉ በወረቀት ታትሞ መጣ። አራት ሰው ፈረመበት፤ ጋሼ በፈረንሳይኛ።

ሐሳቡን ያመጡት ጋሼ ናቸው። ቱርክኛውን እንደ ቱርክኛ ይጻፉት፣ ከነነጥቡ፣ እኔ አልከለክልም። አማርኛው ግን ከጥጉ ይውጣና አናት ላይ ይሁን፤ በትልቁ። ሰውየው ዲዛይኑን ሲያይ ወዲያው ተቀበለ፤ ደንበኞቹ ፊደሉን ሲያዩ ቡናው ከየት እንደመጣ ሳያነቡ ያውቃሉ አለ። ስለዚህ አሁን ከረጢቱ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ኢትዮጵያ ነው፣ በጵ። ከሥሩ አነስ ብሎ ቱርክኛው ከነነጥቡ። ጀርባው ላይ እንግሊዝኛው ከነኤቹ፣ የአስመጪው አድራሻም ቱርኪዬ ከሁለት ነጥቦቹ ጋር። ማንም የማንንም አልነካም።

ወረቀቱ ላይ ግን ሌላ ዓለም ነው። ትራንዚተሩ የገባው እዚህ ነው። ልጅቷ ኢንቮይሱ ላይ ቱርኪዬን ከነነጥቡ ጽፋ ነበር። የባንኩ ወረቀት ግን ያለ ነጥብ መጣ፤ ባንኮች መልእክት የሚለዋወጡበት የስዊፍት መስመር በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው የሚሠራው፤ ነጥብ ያላት ዩ አታልፍም። ትራንዚተሩ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስተያይቶ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ጉምሩክ ቀረጥ እንጂ ነጥብ አይቆጥርም» አለ። «ግን በሁሉም ላይ አንድ ይሁን። ኢንቮይሱ፣ የሥሪት አገር ሰርተፊኬቱ፣ የባንኩ፣ አንድ!» በመጨረሻ ሁሉም ላይ ያለ ነጥብ ተጻፈ፤ ቀጥሎ ሁለት ፊደል የአገር ኮድ፤ ቲ እና አር። ኮዱ ስሙ ሲለወጥም አልተለወጠም። የኛም ኢ እና ቲ ናት፤ እዚያ ላይ ኤች የለችም፤ ለጋሼ ግን አልነገርናቸውም።

ካርቶኖቹ የወጡት ሐሙስ ጠዋት ነው። ልጅቷ የአማርኛውን የግቢ መውጫ ወረቀት ስትሞላ «መድረሻ» የሚለው ላይ «ቱርኪዬ» ብላ ጻፈች። አንዳንድ የአማርኛ ዜናዎችም እንዲያ ማለት ጀምረዋል። ጋሼ ከትከሻዋ በላይ አዩዋት።

«ምንድነው ቱርኪዬ? ቱርክ በይው።»

«ስማቸው ነዋ አባዬ። አንተው አይደለህ ሰው በስሙ ይጠራል ያልከው?»

«በእንግሊዝኛ ነዋ! በአማርኛ ከግራኝ ዘመን ጀምሮ ቱርክ ነው።»

እሷ ወረቀቱን አላስተካከለችም። እሳቸውም አልተከራከሩም። ወፍራም ማርከራቸውን አውጥተው ወደ ካርቶኖቹ ሄዱ። በእያንዳንዱ ካርቶን ጎን ላይ፣ በዚያ የምድር ባቡር የእጅ ጽሑፋቸው፣ «ወደ ቱርክ» እያሉ ጻፉ። ሹፌሩ ሲጭን አንዱን አነበበውና «ቱርክ ነው እንዴ የሚሄደው?» አለ።

«አዎ» አሉ ጋሼ፣ ማርከሩን እየከደኑ።